ሬሳውን የምታየው የፎጣ ዳክዬ

ዘንድሮ በመርከብ ሽርሽር ያልወጣ ሰው እንደ ሰው የሚቆጠር አይመስልም። ይቺም መርከብ ጢም ብላ ሞልታ ነበር የተነሳችው። አሁን ግን ከተሳፋሪዎቿ አንዱ፣ ጡረታ የወጣው ነጋዴ፣ አልጋው ላይ ተንጋሎ ሞቷል።

«ጠጥቶ በተኛበት በፎጣ ታፍኖ ነው» አለ ሐኪሙ።

ባልደረቦቿ ጭልፊት የሚሏት የመርከቧ ጥበቃ ኃላፊ ክፍሉን ቃኘች። ከሬሳው እግርጌ ከፎጣ ታጥፋ የተሠራች ዳክዬ ተቀምጣ ሟቹን ትኩር ብላ ታየዋለች። የጭልፊት ቀልብ ዳክዬዋን አልወደዳትም።

ካፒቴኑ ግን ቆርጦ ነበር። ከክፍሉ ሲወጣ የታየው የመጨረሻ ሰው ክፍሉን የሚያሰናዳው አስተናጋጅ ስለሆነ ወደብ ሲደርሱ ለፖሊስ ሊያስረክበው ነው።

«እኔ ዳክዬዋን ሠርቼ ስወጣ ሰውየው አልነበሩም፣ እመቤቴ» አለ አስተናጋጁ። «ልጆቼን ማን ሊያሳድግልኝ ነው?»

«ፊቷን ወዴት አድርገህ ነበር?»

«ወደ በሩ ነዋ! እንግዳ ሲገባ እሷ ናት የምትቀበለው። ካዞርናት አለቃችን ቁም ስቅላችንን ያሳየናል።»

ጭልፊት የመደዳውን ክፍሎች አስከፍታ አየች። ዳክዬዎቹ ሁሉ በሩን ያያሉ።

የሟቹን ወንድም የመርከቧ አናት ላይ አገኘችው።

«ውሎ እንዴት ነበር?»

«እንቅልፍ ነው እንጂ ምን ውሎ አለ? የወንድሜ ሚስት ‹እዚህ መርከብ ላይ ፎጣ አጣጠፍ እያስተማሩ ነው፣ እንሂድ› አለችኝ። ፎጣ ለማጠፍ ነው እንዴ ይሄን ሁሉ ውሃ አቋርጬ የመጣሁት? ብቻዋን ሄደች። ምስኪን፣ ወንድሜ ቁጡ ነበር፤ ችላው ነው የኖረችው።»

ሚስትየው ደግሞ «መዋኛው ዳር ነበርኩ። ክፍላችን ዝር አላልኩም» አለች።

ሁሉም ሳሎን ተሰበሰቡ። ጭልፊት ዳክዬዋን ፈታቻት። ከእጥፋቱ ውስጥ የደም ነጠብጣብ ወጣ።

«የታፈነው በዚችው ፎጣ ነው፤ ሲታፈን ነስሮታል» አለች። «ተጨማድዳ ብትገኝ ታስጠረጥራለች፤ ስለዚህ ገዳዩ መልሶ ዳክዬ አድርጎ አጠፋት። አስተናጋጁ ቢሆን ምን አደከመው? ጋሪው ሙሉ ያደፈ ፎጣ ነው፣ እዚያ ይቀላቅላት ነበር። ቢያጥፋትም እጁ ለምዷልና ወደ በሩ ያዞራታል። ወንድምየው ማጠፍ አያውቅም። ከእናንተ መካከል የተማረው አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ሁሉም ወደ ሚስትየው ዞሩ። እሷ አላለቀሰችም።

«ቤት እያለን ሲመታኝ ጎረቤት እሮጥ ነበር» አለች። «ይሄን ሽርሽር ያመጣው እሱ ነው። ‹እዚያ ደግሞ ወዴት እንደምትሮጪ እናያለን› እያለ ይስቅብኝ ነበር።»

አስተናጋጁ ፊቱን በእጆቹ ሸፍኖ ተንሰቀሰቀ። ጭልፊት እሱን በማዳኗ ደስ ሊላት ሲገባ ደስ አላላትም።

«ካቴና ላስመጣ?» አለ ካፒቴኑ።

ጭልፊት በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች፤ እስከ አድማስ ድረስ ውሃ ብቻ ነው።

«የት ትሄድብሃለች?» አለችው።