ከማይክሮፎኑ የራቀ ግጥም

ሥዩም ዕቃ ቤቱ ውስጥ በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። ጭንቅላቱን የመታው ዘነዘና አጠገቡ ወድቋል።

ጣሊያን ከመቐለ በወጣ በዓመቱ ነው። ሥዩምና ከፋለ ጣሊያኖቹ ጥለውት የሄዱትን የሸክላ መቅረጫ መኪና በሽርክና ይዘው አዝማሪ ይቀርጹ ነበር። የዚያን ዕለት አዝማሪዋ ብርቄ መዝፈን ስትጀምር ሥዩም በሕይወት ነበረ፤ ሸክላው ሲያልቅ ሞቶ ተገኘ።

የከተማው ፖሊስ መቶ አለቃ ፈንታሁን ጊዜ አልፈጀም። ጠዋት ከሟቹ ጋር ሲጨቃጨቅ የታየውን ወሎዬውን ተሸካሚ ይማምን አስያዘ፤ አስገረፈ። ይማም ካደ፣ ካደ፣ በመጨረሻ አመነ። የሚጠብቀው ስቅላት ነው፤ ሌላ ምን ሊሆን።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ? ፈንታሁን በጅራፍ የወጣ ቃል መሆኑን ራሱ ያውቃል፤ ከራስ ወዴት ይሸሻል? አፍሮ ሸክላው ወደሚቀረጽበት ወደ ከፋለ ቤት ተመለሰ። ብርቄም እዚያው ነበረች።

«ሥዩም ሲሞት አንተ የት ነበርክ?»

«እዚሁ፣ ከብርቄ ጎን፣ ግጥም ስሰጣት። አዝማሪ ግጥም ካልሰጧት ታቆማለች። ድምፄ ሸክላው ላይ አለ፣ ጌታዬ።»

«ከማይክሮፎኑ ምን ያህል ትርቃላችሁ?»

ከፋለ ስለ ሙያው ሲጠየቅ ደስ ይለዋል። «አንድ ክንድ ብቻ። ከዚያ ከራቁ የቤቱም የግቢውም ድምፅ ይገባበታል። ቢጮሁም አያድንም፤ ከጉድጓድ የሚጣራ ሰው ነው የሚመስለው።»

«እስቲ አሰማኝ።»

ሸክላው ዞረ። በመጀመሪያው ግጥም የከፋለ ትንፋሽ ሳይቀር ይሰማል። በሁለተኛውም እንዲሁ። ሦስተኛው ላይ ግን ድምፁ እየጮኸም ራቀ፤ ግድግዳው አስተጋባ፣ የግቢው ዶሮ ሁሉ ገባበት። የብርቄ ድምፅ ካለበት ንቅንቅ አላለም።

«ሲወጣ አላየሽም?» አላት ፈንታሁን።

«ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነው የሚያስቀምጠኝ፣ ጌታዬ» አለች ብርቄ። «ግጥሙ እስከ መጣ ድረስ አለ እላለሁ እንጂ።»

«ሦስተኛውን ግቢው ውስጥ ዕቃ ቤቱ ደጅ ሆነህ ነው የሰጠሃት» አለው ከፋለን። «ዝም ብትል ዘፈኑ ይቆም ነበር።»

ከፋለ መርፌውን ከሸክላው ላይ አነሳ።

«ሥዩም መኪናውንም ብርቄንም አዲስ አበባ ሊወስድብኝ ነበር። እኔስ ምን ልሆን ነው?»

ፈንታሁን አሳስሮት ወደ ወህኒ ቤቱ ገሰገሰ። ይማም በሆዱ ተኝቷል፤ ጀርባው የሚነካ አይደለም። መቶ አለቃው አጠገቡ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

«ይማም፣ ወንድሜ፣ ገዳዩ ተያዘ። አንተ አይደለህም።»

ይማም ድምፁን ሲሰማ ወደ ግድግዳው ተጠጋ።

«እኔ ነኝ፣ ጌታዬ» አለ። «ወላሂ እኔ ነኝ የገደልኩት። ብቻ አይግረፉኝ።»