ግራጫዎቹ ጀልባዎች

«አጎቴ፣ አሁን የት ነዎት?» አለች ጀሊላ፣ ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ሳትነቅል።

«ቁንዝላ ነኝ ልጄ። ሞተሩ አስቸገረኝና ከጠዋት ጀምሮ ጀልባዋን አስሬ ተቀምጫለሁ፤ ጀልባዋ ላይ ያለው ስልክም አብሮ ጠፍቷል። ምነው?»

«ምንም። እንዲያው ነው የደወልሁ።»

ስክሪኑ ላይ ግን የአጎቷ የሙሐዲን ጀልባ ወደ ደቅ ደሴት እየሄደች ነበር። ትንሿ አረንጓዴ ነጥብ በሐይቁ ላይ ቀስ እያለች ትንቀሳቀሳለች።

ፕሮግራሙን ጀሊላ ከጓደኛዋ ከፀደንያ ጋር የሠራችው በትምህርት ቤታቸው የሳይንስ ክበብ ነው። እያንዳንዷ ጀልባ በፕሮግራሙ ውስጥ ራሷን የቻለች ኦብጀክት ናት። ስሟን፣ ያለችበትን ቦታና ፍጥነቷን በውስጧ ትይዛለች፤ መረጃው መቼ እንደደረሳትም ትመዘግባለች። ጀልባዋ ላይ ከተገጠመው ስልክ አዲስ መረጃ ሳይመጣ ከቆየ ነጥቧ ግራጫ እንድትሆን ያደረገችው ጀሊላ ነበረች። ኮዱን ከፈተችው። ያ ክፍል የለም። በቦታው፣ ጀልባዋ በነበረችበት ፍጥነት የቀጠለች አስመስሎ የሚያንቀሳቅሳት ሌላ ኮድ ተጽፏል።

ፀደንያ ፕሮጀክተሩን ይዛ ስትገባ ጀሊላ ስለ ኮዱ ጠየቀቻት።

«አዎ፣ እኔ ነኝ የቀየርኩት» አለች ፀደንያ። «ሐይቁ መሀል ላይ ኢንተርኔት የለም። ከጀልባ ነጂዎቹ ማኅበር የሚመጡት እንግዶች ግማሾቹን ጀልባዎች ግራጫ ሆነው ካዩአቸው አይሠራም ነው የሚሉን። አሁን አሪፍ አልሆነም?»

«አጎቴ እኮ ቁንዝላ ነው ያሉት።»

«ለዛሬ ብቻ ነው በቃ! አታካብጂ።»

«ከወደዱት ሰው ሁሉ እንዲያየው ወደብ ላይ ሊሰቅሉት ነው፣ ፀዲ። አንዷ ጀልባ ብትሰጥም እንኳ ቤተሰብ ደህና ስትሄድ ነው የሚያያት።»

ፀደንያ የፕሮጀክተሩን ገመድ ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። «እንደፈለግሽ አድርጊ። ካበላሸሽው ግን ጓደኝነታችን አበቃ።» እንግዶቹን ልትቀበል ወጣች።

ጀሊላ በዚህ ዓመት ከወረታ ስትመጣ ክፍል ውስጥ ያናገረቻት ፀደንያ ብቻ ናት። ሌሎቹ «የወረታዋ» ሲሏት በስሟ የጠራቻት እሷ ነበረች። ከዚያ በፊት ምሳዋን ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ፣ ሰው እንዳያያት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነበር የምትበላው። ጣቶቿ ኪቦርዱ ላይ ቆዩ። ኮሪደሩ ላይ የእንግዶቹ ድምፅ ሲሰማ የራሷን ኮድ መለሰችው።

እንግዶቹ ገብተው ሲቀመጡ ፀደንያ ፈገግ ብላ ማስረዳት ጀመረች። ወደ ስክሪኑ ዞር ስትል ግን ንግግሯ መሀል ላይ ተቋረጠ። ሄዳ ከኋላ ተቀመጠች።

«እነዚህ ግራጫዎቹስ ምንድን ናቸው?» አሉ የጀልባ ነጂዎቹ ማኅበር ሊቀመንበር አቶ አንዳርጋቸው።

ጀሊላ ተነሣች። «መረጃቸው የቆየ ነው። አሁን የት እንዳሉ አናውቅም።»

«አታውቁም?»

«አናውቅም፣ ጋሼ።»

አቶ አንዳርጋቸው ስክሪኑን ትኩር ብለው ሲያዩ ቆዩና ስልካቸውን አወጡ። «አምሐ? የት ደረስህ?» የአንዷ ግራጫ ጀልባ ነጂ ሲመልስላቸው ትከሻቸው ላላ አለ። «እሱ ደህና ነው» አሉ ወደ ጀሊላ ዞረው። «ቆይ፣ ለሌሎቹም ልደውል።»

ሁሉም ሲያልቅ ፀደንያ ወንበሯ ላይ አልነበረችም። ጀሊላ ከግቢ ስትወጣ፣ ከሌሎች ልጆች ጋር እየሣቀች ባጃጅ ስትገባ አየቻት። ፀደንያ ዞር ብላ አላየቻትም።

ጀሊላ የሐይቁን ዳር ይዛ ጥቂት እንደሄደች ቆመች። ስልኳ ላይ ለፀደንያ «ግራጫዎቹን ሁሉ አጠፋቸዋለሁ፣ አትቀየሚኝ» ብላ ጻፈች። ለረጅም ጊዜ አየችው። ደመሰሰችው። እንደገና ጻፈች፦ «እንግዶቹ ሳይገቡ ስላልነገርሁሽ ይቅርታ። ኮዱን ግን አልቀይረውም። ነገ ክበብ ትመጫለሽ?»

ላከችው። መልስ አልመጣም። ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ብቻዋን ወደ ቤቷ መንገዷን ቀጠለች።