ጅራቷን ያቆመችው ግልገል

«ማስታወቂያ። ለቤቱ ነዋሪዎች በሙሉ። ከዛሬ ማክሰኞ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ የልብስ ማጠቢያው ክፍል የልብስ ማጠቢያነት ሥራውን ማቋረጡን በታላቅ አክብሮት እንገልጻለን። ክፍሉ ላልተወሰነ ጊዜ የሦስት የዱር ድመት ግልገሎች መኖሪያ እንዲሆን የተወሰነው የቤቱ አባወራ ባልተገኘበት ስብሰባ መሆኑ ይታወቅልን። ካልሲ ያለው ሰው እስከዚያው ካልሲውን ይታገሥ።»

አንቴና በሩ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አንብባ ስትጨርስ አባቷ ከኋላዋ ቆሞ አስተያየት ይጠባበቅ ነበር። አባቷ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው። ቤት ውስጥ ስኳር ሲያልቅ እንኳ ቁጥርና ቀን ያለው ደብዳቤ ካልተጻፈ ማለቁን አያምንም። ከፊርማው ሥር ማኅተም አለ፤ ማኅተሙን የሠራው ታናሽ ወንድሟ ነው፣ ከድንች ቀርጾ።

«እንዴት አየሽው?» አላት።

«አባዬ፣ ‹ካልሲውን ይታገሥ› የሚለው ትንሽ አልበዛም?»

«የእኔን ካልሲ ስላላየሽው ነው።»

ግልገሎቹን ያመጣቸው አንድ የመንገድ ጥገና ሠራተኛ ነው፤ ቢጫ ሄልሜቱ ውስጥ ደርድሮ። እናትየዋን መኪና ገጭቷት አስፋልቱ ዳር ወድቃ አገኛት። ልጆቿን ደግሞ እዚያው አጠገብ፣ ከመንገዱ ሥር በተቀበረ የውሃ ቱቦ ውስጥ። የአንቴና እናት የእንስሳት ሐኪም ናትና ሰው ክንፉ የተሰበረ፣ እግሩ የተሰነጠቀ፣ እናቱ የሞተችበት ነገር ሁሉ ወደ እሷ ይዞ ይመጣል። ግልገሎቹን ተቀብላ ባዶውን ሄልሜት መለሰችለት።

«ሽታው ይለቃል፣ ዶክተር?» አላት ሰውየው።

«አይለቅም» አለችው። ለሰው የማይሆን ተስፋ መስጠት አትወድም።

ሲያዩአቸው የጎረቤት ድመት ልጆች ይመስላሉ። አመድማ ናቸው፤ እግራቸው ትንሽ ይረዝማል፤ ጅራታቸው ላይ ጥቁር ቀለበት አለ። ዋናው ልዩነት ውስጥ ነው። የቤት ድመት ሰው ስታይ «ምን ይዞልኝ መጣ?» ትላለች። የዱር ድመት «በየት ልውጣ?» ትላለች። የአንቴና እናት የምትፈልገው ይኸ ሁለተኛው ጥያቄ እንዳይጠፋባቸው ነው።

«ስሙኝ» አለች፣ ሁለቱን ልጆቿን በሩ ላይ አቁማ። «ያለ ጋወንና ያለ ጓንት አይገባም። እዚያ ውስጥ ወሬ የለም። መዳበስ የለም። ስም ማውጣት የለም። ሰው የወደደች የዱር ድመት ዱር ገብታ አትኖርም። መጀመሪያ ያገኘችው ሰው እግር ላይ ሄዳ ትታከካለች፤ ሰውየው ደግሞ ሁልጊዜ ዶሮ የሚያረባ ሰው ነው።»

የአንቴና ወንድም እጁን አወጣ። ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ጠጠር የሚሉት ጫማ ውስጥ እንደገባ ጠጠር ስለሆነ ነው፤ ጥያቄው ካልተመለሰለት ማንንም አያስኬድም።

«ስም ከሌላቸው ሲታመሙ ካርዳቸው ላይ ምን ይጻፋል?»

«አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ።»

«እኔ ከክፍል ሠላሳ አንደኛ ወጥቼም ስም አለኝ እኮ!»

በሁለተኛው ቀን የማጠቢያው ክፍል ግድግዳ ላይ በእርሳስ የተጻፉ አሥራ ሁለት ስሞች ተገኙ። አንዱ የሒሳብ አስተማሪው ስም ነበር። ጠጠር በላጲስ አጠፋቸው፤ አባቱም ለማጥፋቱ ማረጋገጫ ጻፈለት።

ከትምህርት ቤት መልስ ያለው ተራ የአንቴና ነበር። ያን ጊዜ እናቷ ክሊኒክ ናት። አንቴና አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ቁመቷ ግን የሃያ፣ ውፍረቷ የአሥር፤ ቅጽል ስሙም ከዚያ የመጣ ነው። ግራጫውን ጋወን ደርባ፣ ማስክና ወፍራም ጓንት አድርጋ ትገባለች፤ መርፌው በወለቀ ሲሪንጅ ወተት ታጠጣቸዋለች፤ ትንፍሽ ሳትል ትወጣለች። አንደኛና ሁለተኛ ጓንቱን እየቧጠጡ ይጠባሉ። ሦስተኛዋ፣ ትንሿ፣ አልጠባ አለች።

በአራተኛው ቀን ሦስተኛዋ ጭንቅላቷን ማንሳት አቃታት። አንቴና እናቷ ጋ ሦስት ጊዜ ደወለች። እናቷ ቀዶ ጥገና ላይ ስለነበረች አላነሳችም። አንቴና ጓንቷን አወለቀች፣ ማስኳን አገጯ ሥር አወረደች፣ ግልገሏን ሹራቧ ውስጥ ከተተቻት። ቀዝቃዛ ነበረች። ምን እንደምትላት ስላላወቀች የነገውን የጂኦግራፊ ፈተና ታወራላት ጀመር፤ ቀስ ብላ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። የአለት ዓይነቶች ላይ ሲደርሱ ሦስተኛዋ አፏን ከፈተችና ጠባች። ስለ አለት ዓይነቶች ሲወራለት የነቃ ፍጡር ከዚያ በፊት ታይቶ አይታወቅም።

ለዚያ ቀን ማንም አይፈርድባትም። ጣጣው ከማግስቱ ነው። በማግስቱ ሦስተኛዋ ደህና ነበረች፤ በእግሯ ቆማ ጮኸችባት። አንቴና ግን ጓንቷን እንደገና አወለቀች። ከዚያ በኋላ ባለውም ቀን። ለራሷ «ዛሬ ብቻ» ትል ነበር፤ «ዛሬ» አራት ወር ፈጀ። ግልገሎቹ ሥጋ ጀምረው ከክሊኒኩ ጀርባ ሣርና ግንድ ወዳለበት ትልቁ የሽቦ ቤት ሲዛወሩ እንኳ፣ አንቴና ሥጋውን ጥላ ስታበቃ በበሩ ሥር እጇን ታሾልክ ነበር። ሦስተኛዋ መጥታ አገጯን መዳፏ ላይ ታሳርፋለች። ከዚያ የእለቱ ትምህርት ይቀጥላል። በዚያ ሴሚስተር አንቴና ጂኦግራፊ ሰማኒያ ስምንት አመጣች።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት እናቷ ቤተሰቡን በሙሉ ያለ ጋወን ወደ ሽቦው ቤት ወሰደቻቸው።

«በሁለት ሳምንት ውስጥ ከዱር እንስሳት ቢሮ ባለሙያ ይመጣል» አለች። «የትኛው እንደሚለቀቅ የሚወስነው እሱ ነው። ከእሱ በፊት እኔ ልያቸው።»

አራቱም ወደ ሽቦው ተጠጉ። አንደኛና ሁለተኛ የት እንደገቡ አልታየም፤ ሣሩ ብቻ አንድ ጊዜ ተነቃነቀ። ሦስተኛዋ ጅራቷን ቀጥ አድርጋ አቁማ መጣች። አንቴናና ጠጠር ጎን ለጎን ከቆሙበት ስትደርስ ጎኗን ሽቦው ላይ አሸችው፤ ከውስጧም እንደ ልብስ ስፌት መኪና ያለ ድምፅ ይሰማ ነበር። እናትየዋ አንድ እርምጃ ስትጠጋ ግን ጥርሷን አሳይታ «ፍሽሽ» አለችባት።



«ማነው?» አለች እናትየዋ። አንድ ሰው ሳይቀር ወደ ጠጠር ዞረ።

«እኔ አይደለሁም!»

«አሥራ ሁለት ስም ግድግዳ ላይ የጻፈው ማን ነበር?»

«ስም መጻፍና መዳበስ አንድ ነው እንዴ? አባዬ፣ አንድ ነው?»

«ሁለት የተለያየ ጥፋት ነው» አለ አባቱ አስቦ። «ግን በአንድ ፋይል ይቀመጣል።»

አንቴና አፏን ከፈተች። ከፈተችና መልሳ ዘጋችው።

«ሁለቱ ይሄዳሉ» አለች እናትየዋ፣ ሽቦውን እያየች። «ይህቺ እንዲህ ሆና ከቀረች ዕድሜ ልኳን አጥር ውስጥ ናት። አንተ ካሁን ወዲያ እዚህ አትድረስ።»

ጠጠር አላለቀሰም። ከዚያ የባሰ ነገር አደረገ፤ ይግባኝ ጻፈ። እሑድ ጠዋት ወረቀቱን ይዞ አንቴና አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«ፊደል አርሚልኝ። አባዬ ፊደል የተሳሳተ ደብዳቤ መዝገብ ቤት አይገባም ብሏል።»

አንቴና አነበበች። «ሦስተኛን ነክቼ አላውቅም። መንካት ግን በጣም እፈልግ ነበር። መፈለግ የሚያስቀጣ ከሆነ ቅጣቱን እቀበላለሁ።» ከሥሩ የድንች ማኅተም አለ።

«ስንት ስህተት አለው?» አላት።

«አንድ።»

«አንድ ብቻ? አሪፍ ነው! የቱ ጋ?»

«ስጠኝ፣ እኔ አደርስልሃለሁ።»

ክሊኒኩ እሑድ ዝግ ቢሆንም እናቷ ነበረች፤ ከሌላ ውሻ ጋር የተጣላ ትልቅ ውሻ ጆሮ እየሰፋች።

«ጥሩ ሰዓት መጣሽ። ጭንቅላቱን ያዢልኝ። እንደዛ አይደለም፤ ከሥር።»

አንቴና ያዘች። ውሻው በማደንዘዣ እንቅልፍ ላይ ነው፤ ምላሱ በአንድ በኩል ወጥቷል።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ።»

«ምኑ?»

«ሦስተኛዋን። ጠጠር አይደለም። ከአራተኛው ቀን ጀምሮ እኔ ነኝ። ያን ቀን ደውዬልሽ አላነሳሽም፤ ቀዝቅዛ ነበር፤ ሹራቤ ውስጥ ከተትኳት።»

እናቷ ክሩን ሳበች፣ ቋጠረች፣ ቆረጠች።

«ያን ቀን ያደረግሽው ልክ ነው። ባታሞቂያት ትሞት ነበር። የቀረውን አራት ወርስ? ማንን ለማሞቅ ነበር?»

አንቴና የውሻውን ምላስ አየች።

«ራሴን» አለች።

እናቷ ሌላ ክር መርፌው ላይ ሰካች።

«አትቆጪኝም?»

«በሌላ ጊዜ። አሁን አሥራ ሁለት ቀን ነው ያለን። ሰው መፍራት መማር አለባት።»

«እሺ፣ አንቺ አስተምሪያት፤ አንቺ ዶክተር ነሽ።»

«ከእኔማ ድሮም ትሸሻለች፤ ክትባት የወጋኋት እኔ ነኝ። ከአባትሽም ትሸሻለች። የማትሸሸው ካንቺ ብቻ ነው። ስለዚህ ሥራው ያንቺ ነው።»

«ምን ላድርጋት?»

«አትመቺያትም፤ ታስደነግጫታለሽ። ሁለት የድስት ክዳን ውሰጂ፣ የውሃ መርጫም አለ። በቀን ሁለት ጊዜ። እጅሽን ማሾለክ የለም። ለስለስ ያለ ቃል የለም፤ አንድም። አንድ ቀን ካባበልሻት የሳምንቱ ልፋት ገደል ገባ ማለት ነው።»

«ብትጠላኝስ?»

«ከተሳካልሽ ትጠላሻለች» አለች እናቷ። «ጭንቅላቱን ቀና አድርጊው፣ አልታየኝም።»

ሰኞ ከትምህርት ቤት መልስ አንቴና የሽቦውን በር ከፍታ ገባች። ሦስተኛዋ ጅራቷን አቁማ እየሮጠች መጣች። አንቴና ክዳኖቹን አጋጨች። ሦስተኛዋ ወደ ኋላ ዘለለች፣ ቆም አለች፤ ከዚያ ጨዋታ መስሏት የጫማዋ ማሰሪያ ላይ ተወረወረች። አንቴና ውሃ ረጨችባት። ሦስተኛዋ ራቅ ብላ ተቀመጠችና ደረቷን ላሰች። አልተቆጣችም። ዛሬ የተሳሳተ ሰው መጥቷል፣ ትክክለኛዋ ነገ ትመጣለች ያለች ትመስል ነበር።

ማክሰኞ ያው ሆነ። ረቡዕ ግማሽ መንገድ መጥታ ቆመች። አንቴና «ሂጂ! ጥፊ ከዚህ!» ብላ ጮኸች። ማታ እራት አልበላም ስትል አባቷ ምክንያቱን በጽሑፍ እንድታቀርብ ጠየቃት፤ ፊቷን ሲያይ ግን ጥያቄውን በቃል አንስቶ ሳህኗን ራሱ አጠበ።

ዓርብ ሦስተኛዋ ጅራቷን አላቆመችም። ቅዳሜ ሥጋዋን ትታ ሄደች። እሑድ አንቴና በሩን ስትከፍት ሣሩ ተነቃነቀ፤ ግን የታየ ነገር የለም። አንቴና ሥራው እንዳለቀ ልታምን ዳድቷት ሳለ፣ ሰኞ ዕለት ሦስተኛዋ እንደገና ብቅ አለች። ሆዷን መሬት አስነክታ፣ በጣም በቀስታ፣ አፍንጫዋን ወደ ፊት ዘርግታ። የመጨረሻ ጊዜ ልትሞክር ነው የመጣችው።

አንቴና ክዳኖቹን ባለ በሌለ ኃይሏ አጋጨቻቸው። እየጮኸች ሁለት እርምጃ ሮጠችባት። ሦስተኛዋ ተገለበጠች፣ ተነሳች፣ ከወደቀው ግንድ ሥር ተወርውራ ገባች።

«ነፃ ወጣሁ!»

ጠጠር ነው። የእናቱን ፊርማ የያዘ ወረቀት እያውለበለበ የክሊኒኩን ግቢ አቋርጦ ይሮጣል። «እግዱ ተነስቷል! እኔ እንዳልሆንኩ ተረጋገጠ!» ሽቦው ጋ ሲደርስ እህቱን አየ፤ ክዳኖቹን አየ፤ ከግንዱ ሥር ጠፍጣፋ ሆነው የተለጠፉ ሁለት ጆሮዎችን አየ። ወረቀቱ ያለበት እጁ ወረደ።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

አንቴና ዓይኗን ከግንዱ ሥር አልነቀለችም።

«እህቴ፣ ምን አድርጋሽ ነው? ሦስተኛዋ ናት እኮ! አብደሻል እንዴ? እያስፈራራሻት ነው እኮ!»

ሽቦውን በሁለት እጁ ጨብጦታል። አንቴና ሁለት ዓረፍተ ነገር ብትናገር ይገባው ነበር፤ ጠጠር የሚያስቸግረው መልስ ሲያጣ ነው እንጂ ሲያገኝ ይገባዋል። ነገር ግን ለጠጠር ለማስረዳት በርከክ ማለት፣ ድምፅን ዝቅ ማድረግ፣ ረጋ ብሎ ማውራት ያስፈልጋል። ከግንዱ ሥር ያሉት ሁለት ጆሮዎች ደግሞ ያንን ድምፅ ያውቁታል። አሁንም ወደ እሷ ዞረው ነበር።

«ለምን? ንገሪኝ እንጂ! ለምን?» አላት፤ እንባው አገጩ ጋ ደርሷል።

አንቴና ክዳኖቹን ወደ ላይ አነሳች።

«አልነግርህም!» አለች፤ በጣም ጮክ ብላ።