የወንዶች በር ምሰሶ

ጠጋ ጠጋ በሉ፤ በሩንም መልሱት። ጨለማውን አትፍሩ። የዛሬው ወሬ የሌሊት አይደለም፣ የቀትር ነው። በቀትር ወንዝ የሚወርድ ሰው አለ? የለም። ከብቱ ጥላ ይይዛል፣ ሰው ቤቱ ይገባል፣ መንገዱ ጭር ይላል። የሚያስፈራው ያን ጊዜ ነው።

ድሮ ነው። የአገሩን ስም ተዉት። ደምለው የሚባል ሰው ነበር፤ ፈንታ የሚባል ታናሽ ወንድም ነበረው። ያን ዓመት አገሬው ቤተ ክርስቲያን ይሠራል። ቤቱ ክብ ነው፤ ግድግዳው ጭቃ፣ ክዳኑ ሣር። መካከሉ መቅደስ፣ ቀጥሎ ቅድስት፣ ከዚያ ቅኔ ማኅሌት። ውጪውን የወይራ ምሰሶ ይከበዋል። ምሰሶውን ማን ያመጣል? እያንዳንዱ ቤተሰብ ከገዛ መሬቱ ቆርጦ፣ በገዛ ትከሻው። ሕግም አለው፤ እንጨቱ አንዴ ከተነሣ ቅጥር ግቢው እስኪደርስ መሬት አይነካም። ከነካ ረከሰ። ቀድሞ ለደረሰ ሰው ምሰሶው በወንዶች በር ይቆምለታል፣ በስሙም ይጠራል።

ደምለው ያንን በር ፈለገ።

ከፊት ደምለው፣ ከኋላ ፈንታ ሆነው ተሸከሙ። ፈንታ ወባ ጥሎት ከርሞ ገና መነሣቱ ነበር። ወንዙ ዳር ሲደርሱ፣ በቀትር፣ «ወንድምዓለም፣ ላውርድ?» አለ።

«ትንሽ ቻል» አለው ደምለው። ጎረቤታቸው አላምረው ከነልጁ እንጨቱን ይዞ ዳገቱን ሲወጣ ይታየዋል።

ከኋላ ትንፋሽ ይሰማል። ኽ... ኽ... «ወንድምዓለም፣ ላውርድ?»

«አራስ ነህ እንዴ? ገንፎ ይሠራልህ?»

ፈንታ ዳግመኛ አልጠየቀም። ወደቀ። እንጨቱስ የት ወደቀ? ደረቱ ላይ።

ደምለው ጮኸ። አላምረው የራሱን እንጨት መሬት ጥሎ ሮጠ። ቄሱም ደረሱ። መጀመሪያ ምን ጠየቁ መሰላችሁ?

«መሬት ነክቷል?»

«አልነካም» አለ ደምለው። እውነቱን ነው። ወንድሙ በደረቱ ችሎት ሞቷል።

ፈንታ ተቀበረ። የአላምረው እንጨት ረክሷል ተብሎ ተጣለ። የደምለው በወንዶች በር ቆመ። «የደምለው ምሰሶ» እያሉ ይሳለሙታል። የፈንታን ስም ያነሣ አለ? የለም።

ዓመት ዞረ። ደምለው አህያው ጠፍታበት በቀትር ብቻውን ወንዝ ወረደ። ትከሻው ከበደው። ፀሐዩ ነው አለ። ሄደ። ከኋላው ትንፋሽ ሰማ። ኽ... ኽ... ዞረ፤ ሰው የለም። ሄደ። ወደ መሬት ሲያይ፣ ከትከሻው ላይ የረዥም እንጨት ጥላ ወደ ኋላ ተዘርግቷል። በጥላው ጫፍ ሁለት እግር ቆሟል።

«ወንድምዓለም፣ ላውርድ?»

ደምለው ተንበረከከ። «አውርድ» አለ። «አውርድ፣ ወንድሜ።»

አወረደ።

ማታ ሲያገኙት ደረቱ ተደፍጥጧል። በአጠገቡ እንጨት የለም፣ ድንጋይ የለም። ቄሱ መጥተው ቆሙ። ያን ቀን ምንም አልጠየቁም።

ሣሩ በቆርቆሮ ተለውጧል፤ ምሰሶው ግን ዛሬም እዚያው በሩ ላይ ነው። ስለዚህ ልጆቼ፣ ጓደኛችሁ ላውርድ ሲላችሁ አብራችሁ አውርዱ። እንጨት ይረክስ። በቀትርም ብቻችሁን ወንዝ አትውረዱ።

ለመሆኑ እሑድ ዕለት ያንን ምሰሶ ተደግፎ ያስቀደሰው ማነው?

አንተ ነህ?

ታዲያ ትከሻህን የምታሸው ለምንድን ነው?