የአካኔሲ የልጥ ልብስ

በፈረንጆች አቆጣጠር በ፲፰፻፸፯ ዓመት፣ የዝናሙ ወራት ሊገባ ሲል፣ ሴቶች ከዛፍ ልጥ ቀጥቅጠው የሚሠሩት ታፓ እንዳይሠራ፣ እንዳይለበስም በሰላማዊ ውቅያኖስ በምትገኘው በቶንጋ አገር፣ በቫቫኡ ደሴት ታወጀ፤ የቶንጋ ሰው ሁሉ መርከብ ያመጣውን አቡጀዲ ይልበስ ተባለ።

ወይዘሮ አካኔሲ ግን መቀጥቀጣቸውን አልተዉም። የእሳቸው ታፓ ለመኳንንት አዳራሽ የሚዘረጋ ሰፊ ንጣፍ አልነበረም፤ በአንድ ሰው ልክ ሆኖ፣ ሁለት ልጥ የአንዱ ቃጫ በቁመት፣ የሌላው በአግድም ሆኖ እንዲተላለፍ ተደርጎ የተጣበቀ፣ የኮኮነት ዘይት የጠጣ ነበር፤ ቀን በወገብ ይታጠቁታል፣ ለጸሎት በትከሻ ይጥሉታል፣ ሲተኙ ይከናነቡታል። ሰው እንዲህ ያለ አንድ ልብስ በወጉ ከያዘ እንደሚበቃው ለጎረቤቶቻቸው ይነግሩ ነበር።

ታናሽ ወንድማቸው ፌሌቲ የመንደሩ ፖሊስ ነበር፤ ሚስቱ ሉፔም የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ቀርባለች። በአገሩ ልማድ ሕፃንን የምትቀበለው የአባቱ እኅት ናት፣ በሠራችው ታፓ፤ ወንድምም ከእኅቱ ቤት ዘልቆ አይገባም። ስለዚህ ፌሌቲ ደጅ ቆሞ፣ ፊቱን ወደ ባሕር መልሶ ለመናቸው።

«እትዬ፣ ድምፁ እኮ ወደቡ ድረስ ይሰማል።»

«ታዲያ ጆሮህን ድፈን።»

«ዳኛው እየመጡ ነው፤ ይተዉት እባክዎ።»

«ልጅህን በምን ልቀበልልህ? ሲረጥብ ገላ ላይ በሚጣበቅ አቡጀዲ?»

ዳኛው ደርሰው ያላለቀው ታፓ በተያዘ ጊዜ ፌሌቲ ከሕዝቡ መካከል ወጥቶ፣ የሠራሁት እኔ ነኝ አለ። ልጥ የቀጠቀጠ ወንድ ታይቶ አያውቅምና መንደሩ ሳቀ። ዳኛው ሳይስቁ መቀጥቀጫውን ስጡት አሉ። ፌሌቲ በሁለት እጁ አንሥቶ አሳረፈው፤ ልጡ ተበሳ።

ከሴቶቹ ረድፍ የወይዘሮ አካኔሲ ድምፅ ተሰማ፦ «ቀስ በል አንተ ልጅ፣ ቃጫውን ገደልከው እኮ።»

ዳኛውም አፋቸውን በእጃቸው ሸፈኑ፤ ሆኖም ሕግ ሕግ ነውና ፌሌቲ ከሹመቱ ተሻረ፣ ሁለቱም መንገድ ሥራ ላይ ድንጋይ እንዲፈልጡ ተፈረደባቸው። እኅትና ወንድም መቀራረባቸው ነውር ስለሆነ እሱ በአንዱ ጫፍ፣ እሳቸው በሌላው ተመደቡ። ፌሌቲ ግን ማለዳ ቀድሞ እየመጣ በእኅቱ በኩል ያሉትን ትልልቅ ድንጋዮች ፈልጦ ይመለስ ነበር፤ ወይዘሮ አካኔሲ የማን ሥራ እንደሆነ እያወቁ አንድ ቀን እንኳ ነገሩን አላነሡለትም።

ሉፔ ሴት ልጅ ወለደች። ይቃጠል የተባለው ታፓ ሳይቃጠል ተገኘ፤ ማን እንዳስቀረው የጠየቀ የለም። ወይዘሮ አካኔሲ ቀዳዳውን ጥፈው የወንድማቸውን ልጅ በእሱ ተቀበሏት።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ አዋጁ ላላ፤ የቅጥቀጣውም ድምፅ ወደ መንደሮቹ ተመለሰ። የታሪክ ጸሐፊዎች አዋጁን ጽፈዋል፣ ያወጁትንም በስም ጠቅሰዋል፤ ልብሱን ስለፈለሰፉት ሴትና ውሸት ስላልቻለበት ወንድማቸው ግን አንድ መስመር አልተረፈም። የመንደሩ ሴቶች ዛሬም ልጡን አስተላልፈው ያጣብቃሉ፤ ማን ጀመረው ሲባሉ፣ እናቶቻችን ይላሉ፤ ከዚያ ያለፈ አያውቁም።