ቀድሞ የተፈታው ገመድ

የጋራዡ ባለቤት የጋሽ ጌታነህ ሬሳ ጠዋት ከአይሱዙው ባትሪ ሥር ተገኘ። ማጅራቱ ተፈንክቷል፤ የተፈታው ቀይ ገመድ በጣቶቹ መሀል ገብቷል። ጋራዡ ከሶዶ ወደ ቦዲቲ በሚያስወጣው መንገድ ዳር ነው።

ኤሌክትሪሺያኑ ኤርካሎ አየው፤ እንባ አልመጣም። እንደ ልማዱ የጋብቻ ቀለበቱን አውልቆ ሚስማሩ ላይ ሰቀለና ቆመ።

ሥራ አስኪያጁ ለገሰ ግራ እጁን ከኮቱ ኪስ ሳያወጣ ለኢንስፔክተር መሠረት አስረዳ።

«ባትሪው ያዘው፤ ወድቆ ተፈነከተ። ትናንት ሽቦውን የነካካው ኤርካሎ ነው። አራተኛ ክፍልን ያልጨረሰ ሰው መኪና ከነካ መጨረሻው ይኸው ነው።»

ኤርካሎ ይህን ቃል ሰምቶ ሰምቶ ጆሮው ደድሯል። የታሰረ እንደሆነ ግን ማንም እንደማያስፈታው ያውቃል።

መሠረት ባትሪውን ጎንበስ ብላ አየች። «አቶ ኤርካሎ፣ ይሄ ባትሪ ሰው ይገድላል?»

እስከዛሬ «አቶ» ብሎ የጠራው ሰው አልነበረም። «ሃያ አራት ቮልት? ያቃጥላል እንጂ ደረቅ እጅ አይዝም፣ እህቴ።»

«ሲፈታስ የቱ ይቀድማል?»

«ጥቁሩ፣ ነጌቲቩ። እሱ ሳይፈታ ቀዩን የያዘ መፍቻ ሻንሲውን፣ የመኪናውን የብረት አካል፣ ከነካ እሳት ይተፋል።»

«ይህንንማ መኪና አጣቢ እንኳ ያውቃል» አለ ሾፌሩ ቦልቴ።

መሠረት ሦስቱንም መኪናው አጠገብ አቆመቻቸው።

«ጥቁሩ እንደታሰረ ነው። ሻንሲው ላይ የቀለጠ ነጥብ አለ፤ አጠገቡ የወደቀው መፍቻ ጫፍም ተበልቷል። ሟቹ እንዲህ አይፈታም፤ አቶ ኤርካሎም ሾፌሩም እንዲህ አትፈቱም። ሰውየውን ከኋላ መትቶ ከጣለ በኋላ ባትሪ የገደለው ለማስመሰል ገመዱን የፈታ አለ፤ ሥራውን የማያውቅ ሰው ነው። መፍቻና ሻንሲ መሀል የገባ የወርቅ ቀለበት ደግሞ ጣት ይጠብሳል። አቶ ለገሰ፣ ከመጣሁ ጀምሮ ከኪስ ያልወጣውን ግራ እጅዎን ያውጡ።»

ለገሰ እጁን ሲያወጣ ቀለበቱ የለም፤ በቦታው ቆዳው ዙሪያውን ተልጧል።

«ትናንት ሲጣሉ ሰምቻለሁ» አለ ቦልቴ። «ጋሽ ጌታነህ ለገሰን፣ ከሰኞ ጀምሮ ጋራዡን የሚመራው ኤርካሎ ነው አለው።»

«እስካሁን ለምን ዝም አልክ?» አለች መሠረት።

«ሾፌርን ማን ጠየቀ?»

ለገሰ ድምፁን አልጨመረም። «ዲግሪ ይዤ ለአራተኛ ክፍል ልታዘዝ?»

ፎቶው ተነስቶ፣ ሬሳውም ለገሰም ከተወሰዱ በኋላ ኤርካሎ መፍቻ አነሳ። ሹመቱን የሰማው ሿሚው ከሞተ በኋላ ነው፤ ደስታም ሐዘንም አልመጣለትም። መጀመሪያ ጥቁሩን ፈታ። ቀዩን አጥብቆ አሰረ። ጥቁሩን በመጨረሻ መለሰው።

እንዲህ አድርግ ብሎ ያስተማረው ጋሽ ጌታነህ ነበር።