ያልተዋጋችው ወለተ ሥላሴ

እሱባለው ወገዳ ከተማ ላይ ስልክ ይጠግናል፤ እሑድ እሑድ በድቁና ያገለግላል። የፊታችን እሑድ ወደ ትዝታ ቤት ሽማግሌ ሊልክ ነው። ትዝታ ነርስ ናት፤ አርብ ገበያ በምትባል ሌላ ከተማ ጤና ጣቢያ ተመድባ፣ እሱ «መንገዱ ክፉ ነው፣ ቅሪ» እያለ ልቧን ከሁለት ሲከፍለው ከርሟል።

ታዲያ ምን አቅበጥብጦት እንደሆነ እንጃ፣ ያን የልጅነት ጌሙን ከሣጥን አውጥቶ ባትሪ ገዛለት። አውሬ እየያዙ፣ ስም እያወጡ፣ እያሠለጠኑ የሚያዋጉበትና በማዋጋት የሚያሳድጉበት የእጅ ጌም ነው፤ አጎቱ ከአዲስ አበባ ያመጡለት። ሲነካው በራ። አውሬዎቹም እንዳሉ አሉ! ደስ ብሎት እንዳቀረቀረ ትዝታ ከኋላው መጥታ ነጠቀችው።

«እስቲ ልይ!»

እየሣቀች ስሞቹን ወረደችና አንዱ ላይ ጣቷን አቆመች። በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈው የገዛ የክርስትና ስሟ ነበር፤ ቦታ አልበቃ ብሎት «ወለተ ሥላ» ላይ ተቆርጧል።

«እሱባለው! የክርስትና ስሜን ለአውሬ? ያውም ዲያቆን ሆነህ?»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። ጆሮው ድረስ ጋለ።

«ማን ነገረህ ስሜን?»

«ስምንተኛ ክፍል እያለን የታመምሽ ጊዜ፣ እናትሽ ስምሽን ለጸሎት ሲሰጡ ሰማሁ። የምትሞቺ መስሎኝ ነበር። እዚህ ውስጥ ደግሞ የሚሞት የለም፤ የተሸነፈውም ይድናል።»

ቀና ብላ አየችው። እሱ ዐይኗን ማየት አልቻለም።

«ሌሎቹ ዝሆን አክለዋል። እሷ ምን ሆና ነው እንዲህ ጫጭታ የቀረችው?»

«አንድም ቀን አላዋጋኋትም። ትጎዳብኛለች ብዬ።»

የትዝታ ዐይን እንባ አቀረረ፤ ወዲያው ግን ቆጣ አለች።

«ስሙንስ ለንስሐ አባትህ ንገራቸው፣ ይቅር ይሉሃል። እኔን ግን አግብተህ እንደዚችው ልታጫጨኝ ነው? ‹ቅሪ› የምትለኝ ለዚህ ነው?»

ይህኛው እፍረት ከፊተኛው ባሰበት። መንገዱ ክፉ እንዳልሆነ፣ ክፉው የራሱ ፍርሃት እንደሆነ አሁን ገና ገባው።

«ሂጂ» አላት ዐይኗን እያየ። «አደራሽን ሂጂ። ስልክ እንደሆነ አርብ ገበያም ይበላሻል፤ ዕቃዬን ይዤ እከተልሻለሁ።»

ትዝታ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

«እንግዲያው ሽማግሌዎቹን እሑድ ቶሎ ይምጡ በላቸው» አለችው። «አባቴ ከቅዳሴ ሲመለሱ ይተኛሉ፤ ከእንቅልፍ ከቀሰቀሷቸው እሺ አይሉም።»